በአውስትራሊያ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሠራተኛ ለመሆን፦ ከሰነድ ማስተካከል እስከ መጀመሪያው ደመወዝ

ሜልበርን ፉትስክሬይ አካባቢ ካሉ ሐበሾች መሐል «ሳፖርት ወርከር ነኝ» የሚል ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሥራው እንዲህ የሰፋው ኤንዲአይኤስ የሚባለው አገር አቀፍ የአካል ጉዳት መድን በ2013 በሕግ ከቆመ ወዲህ ነው። በዚህ አሠራር ገንዘቡ በአካል ጉዳተኛው ስም ይመደባል፤ ማን እንደሚረዳው የሚመርጠውም እሱ ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የሚያዝ ነገር አለ፦ የምትሄዱበት ቤት ባለቤት በሽተኛችሁ አይደለም፣ አሠሪያችሁ ሊባል ምንም የማይቀረው ሰው ነው። በወረቀት ላይ «ፓርቲሲፓንት» ይባላል፤ ሠራተኛው በአፉ «ክላየንት» ይላል።

ኤንዲአይኤስ ለዚህ ሥራ አንድ ወጥ የትምህርት ደረጃ አልደነገገም። አሠሪዎች ግን ሰርተፍኬት ስሪ የሚባለውን የሙያ ኮርስ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ያለ እሱ የሚቀጥር ድርጅት ቢገኝም አዲስ ገቢን አስቸጋሪ ቤት ላይ ያለ ሥልጠና የመጣል ልማድ ያላቸው አሉ። ከዚህ በታች ያለው ሜልበርን ያለችበትን ክፍለ ግዛት፣ ቪክቶሪያን፣ መነሻ ያደረገ ነው። ኮርሱ በሁሉም ክፍለ ግዛት አንድ ነው፤ የሚለየው የማመልከቻው ቦታና ክፍያው ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስማችሁን አንድ አድርጉ

ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሐበሻ አመልካችን በብዛት የሚያጓትተው ይኸው ነው። ፓስፖርቱ ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ። መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም ተዘሎ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል። ሜዲኬር ካርዱ ላይ «ፀሐይ» በ«ቲ» ተጀምሯል፤ ባንኩ ዘንድ በ«ኤስ»። የልደት ቀኑም ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ አንዱ ሰነድ ላይ በጥቂት ቀን ወይም በዓመት ተዛንፏል። ለሥራው ብቁ መሆናችሁ የሚጣራበት ማመልከቻ (ተራ ቁጥር 3 ላይ አለ) ሰነዶችን እርስ በርስ ያመሳክራል፤ ሳይገጥም ሲቀር ደብዳቤ ይልካሉ፣ ሳምንታት ይነጉዳሉ፣ የፕሌስመንት፣ ማለትም የኮርሱ የተግባር ሥራ፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አንድ መሠረት ሰነድ ምረጡ፤ የዜግነት ወረቀት ወይም ቪዛው የገባበት ፓስፖርት ይሁን። ሌላውን ሁሉ በእሱ ፊደል አስተካክሉ። ከዚያ ዩኤስአይ የሚባለውን የተማሪ መለያ ቁጥር በመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ አውጡ፤ ያለ እሱ ትምህርት ቤት ሰርተፍኬት ሊሰጣችሁ አይችልም። ዩኤስአዩ ላይ ያለው ስም ሰርተፍኬቱ ላይ ይታተማል፤ ቀጣሪውም ያንን ከማጣሪያው ወረቀት ጋር ያስተያያል።

2. ትምህርት ቤት ስትመርጡ የምትመርጡት ፕሌስመንቱን ነው

የምትፈልጉት ኮርስ «ሰርተፍኬት ስሪ ኢን ኢንዲቪጁዋል ሳፖርት» ነው፤ ኮዱ ሲኤችሲ33021። 15 የትምህርት ክፍሎች አሉት፦ 9 ግዴታ፣ 6 ምርጫ። ከምርጫዎቹ ውስጥ የትኛው እንደሚገባ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን ሙያ ይወስናል፤ «ዲሰቢሊቲ» (አካል ጉዳት) ወይም «ኤጂንግ» (አረጋውያን) ወይም ሁለቱም። ሁለቱንም መያዝ ጥቂት ተጨማሪ ክፍሎች ብቻ የሚጠይቅ ስለሆነ ጊዜው ካላችሁ ያዙት፤ አካል ጉዳተኞች ዘንድ ሺፍት ሲቀንስ የአረጋውያን ቤት ይቀበላችኋል።

የኮርሱ ልብ ግን ቢያንስ 120 ሰዓት በእውነተኛ የሥራ ቦታ መሥራት ነው። ክፍል ውስጥ የምትማሩትን ማንም በቪዲዮ ያሳያችኋል፤ የሰው ክብደት ሆይስት በሚባለው ሰው ማንሻ ማሽን ላይ ሲንጠለጠል እጅ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ግን የሚታወቀው እዚያ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

ፕሌስመንቱን የሚያገኘው ማነው፣ እናንተ ወይስ ትምህርት ቤቱ? «ተማሪው ራሱ ይፈልጋል» የሚል መልስ ማስጠንቀቂያ ነው። ኮርሱን ጨርሰው ለ120 ሰዓት ቦታ አጥተው ወራት የሚቀመጡ ሰዎች ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ይወጣሉ። ቀጥሎ፦ ቦታው የአካል ጉዳተኞች ነው ወይስ የአረጋውያን መጦሪያ? «ዲሰቢሊቲ» ብለው አስመዝግበው መጦሪያ ቤት የሚልኩ አሉ። በመጨረሻም፦ ክፍል ውስጥ ሆይስትና የሆስፒታል አልጋ አለ? ካለ እዩት። ባትሪው የሞተ፣ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ሆይስት ብዙ ይናገራል።

ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን «ትሬኒንግ ዶት ጎቭ ዶት ኤዩ» ላይ ኮዱን አስገብታችሁ አረጋግጡ። ኮርሱ በተለምዶ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይወስዳል። በሁለት ሳምንት፣ ያለ ፕሌስመንት፣ ዋትሳፕ ላይ የሚሸጥ ሰርተፍኬት ዛሬ ዋጋው ሁለት ጊዜ ይከፈላል፦ አስክዋ የሚባለው ተቆጣጣሪ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ከተዘጉ ትምህርት ቤቶች የወጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰርተፍኬቶችን ሰርዟል። የቀድሞ ሥራን አስመዝኖ ሰርተፍኬት ማግኘት ሕጋዊ መንገድ ነው፤ ግን የሥራ ደብዳቤ፣ የምስክር ቃልና በአካል መፈተን ይጠይቃል። ምንም ሳይጠይቅ የሚሰጥ ካለ ምዘና አላደረገም።

ክፍያን በተመለከተ በቪክቶሪያ ይህ ኮርስ ፍሪ ቴፍ በሚባለው በመንግሥት የሙያ ትምህርት ቤቶች በነጻ የሚሰጡ ኮርሶች ዝርዝር ውስጥ ስላለ ብቁ የሆነ ሰው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። ዩኒፎርምና የማጣሪያ ወረቀቶች ግን ከኪስ ናቸው። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ነጻው አይመለከታችሁም፤ ትምህርት ባለበት ወቅት ደግሞ ሥራችሁ በሁለት ሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ አስቡ።

ከመግባታችሁ በፊት የንባብ፣ የጽሑፍና የሒሳብ ፈተና አለ። አትፍሩት፤ ግን ሰው እንዲሠራላችሁም አታድርጉ። እንግሊዝኛው የሚፈለገው ለፈተናው ሳይሆን ከሌሊቱ ለአምቡላንስ ደውላችሁ የሆነውን ለማስረዳት ነው። ቋሚ ነዋሪ ከሆናችሁ ኤሜፕ የሚባለውን ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጎን ለጎን ውሰዱ።

3. ከፕሌስመንት በፊት በእጃችሁ መግባት ያለባቸው ወረቀቶች

ያለፈ ታሪካችሁ የሚጣራበት የኤንዲአይኤስ የሠራተኛ ማጣሪያ ቀዳሚው ነው። ከ2021 ጀምሮ በመላ አገሪቱ አንድ ሆኗል፤ አንዴ ካለፋችሁ 5 ዓመት ያገለግላል፣ ክፍለ ግዛት ብትቀይሩም ይከተላችኋል። በቪክቶሪያ የሚቀርበው ሰርቪስ ቪክቶሪያ በሚባለው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት አገልግሎት ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ነው፦ ማመልከቻው ላይ አንድ ድርጅት ታስመዘግባላችሁ፣ ድርጅቱም በበኩሉ ገብቶ «አዎ፣ ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብሎ ካላረጋገጠ ማመልከቻው አይንቀሳቀስም። ገንዘቡን ከፍላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ በሳምንቱ ደውሉና አረጋግጠው እንደሆነ ጠይቁ።

ከልጆች ጋር የሚያሠራው ፈቃድ ለብቻው ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት በየ3 ዓመቱ፣ የልብና የትንፋሽ ማስጀመሪያው ሲፒአር በየዓመቱ ይታደሳል። የሲፒአር ፈተና ወለል ላይ ተንበርክኮ በአሻንጉሊት ላይ ስለሚሠራ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሚሰጥ ከሆነ ቀጣሪ አይቀበለውም። ኤንዲአይኤስን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ያዘጋጀው የሠራተኛ መግቢያ ሥልጠና ደግሞ ኦንላይን ነው፤ 90 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ነጻ ነው፣ ማስረጃውን ዛሬውኑ አውርዳችሁ አስቀምጡ። አንዳንድ ቦታ የጉንፋን ክትባትም ይጠይቃል።

4. 120ውን ሰዓት መሥራት

በቀን 8 ሰዓት ከሠራችሁ 15 ቀን ነው፤ ክፍያ የለውም። ሰዓቱ የሚመዘገብበትን ደብተር በየቀኑ ከመውጣታችሁ በፊት ተቆጣጣሪዋን አስፈርሙ። «ነገ እፈርምልሻለሁ» ያለችው ተቆጣጣሪ ነገ ዕረፍት ትወጣለች፤ ያልተፈረመ ሰዓት አልተሠራም።

ሰውየው እንዴት እንደሚረዳ የተጻፈበትን ኬር ፕላን አንብቡ። ቤቱ ውስጥ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት አራት ነገር ፈልጉ፦ እንዴት ነው ከቦታ ቦታ የሚዛወረው፣ ምን ዓይነት ምግብና መጠጥ ነው የሚወስደው፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ «አዎ» እና «አይደለም» የሚለው እንዴት ነው። መናገር የማይችል ሰው ዓይኑን ወደ ላይ በማንሳት፣ በፊደል ሰሌዳ ወይም በታብሌት ሊመልስ ይችላል። ጠይቃችሁ 10 ሰከንድ ጠብቁ። እኛ ዝምታ ስለማይመቸን ቶሎ እንሞላዋለን፤ ሰውየው ገና መልሱን እያነሳ ሳለ እኛ ሸሚዙን መርጠንለት ጨርሰናል።

ሌላ የእኛ ነገር፦ ትንፋሽን ሳብ አድርጎ «አዎ» ማለት እዚህ የድንጋጤ ድምፅ ነው። ክላየንቱ ሲያወራችሁ ሳብ ካደረጋችሁ «ምን ሆነ?» ይላል። በቃል መልሱ።

ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ በአንድ ሰው ድጋፍ። ይህ የሚሠራው ኬር ፕላኑ እንዲህ ሲል ብቻ ነው። «ሆይስት» ተብሎ ከተጻፈ ሰውየው «ዛሬ ደህና ነኝ፣ በእጅ አንሳኝ» ቢላችሁም አታንሱ፤ ለተቆጣጣሪ ደውሉ።

ዊልቸሩን በጠንካራ ጎኑ በኩል አቅርቡ፣ ከአልጋው ጋር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያህል ሰያፍ አቁሙት። ሁለቱንም ፍሬን ቆልፉ፤ ከዚያ ዊልቸሩን ገፋ አድርጋችሁ መቆለፉን ሞክሩ፤ ጎማው አየር ሲጎድለው ፍሬን ተቆልፎም ይንሸራተታል። የእግር መርገጫዎቹን ወደ ጎን አውጡ። የአልጋውን ከፍታ ሁለት እግሩ ሙሉ በሙሉ ወለል እስኪነካ አስተካክሉ። ጫማ ይደረግ፤ ካልሲ ብቻውን ያንሸራትታል። ሰውየው ወደ አልጋው ጠርዝ ይጠጋል፣ እግሮቹን ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ያስገባል፣ ወደ ፊት ያዘነብላል። መነሳት የሚጀምረው ከዚህ ማዘንበል ነው፤ አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች በላይ ካልደረሰ ክብደቱ ሁሉ ወገባችሁ ላይ ነው። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፣ በሦስት ይነሳል፣ በትናንሽ እርምጃ ይዞራል፣ የዊልቸሩ ጠርዝ የእግሩን ጀርባ እስኪነካው አይቀመጥም።

በብብቱ አትያዙት፤ በተለይ ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ትከሻው በቀላሉ ይወልቃል። አንገታችሁ ላይም አይንጠልጠል። መውደቅ ከጀመረ ደግሞ አታስቆሙት። ቀስ እያላችሁ ጭንቅላቱን ጠብቃችሁ ወደ ወለል አውርዱት፤ የሚወድቅን ሰው ይዞ ለማቆም መታገል ሁለታችሁንም ይጎዳል።

ሆይስት። እያንዳንዱ ሞዴል ይለያያልና ባልተማራችሁበት አትሥሩ። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ገደብ ከሰውየው ክብደት ጋር አስተያዩ። ሰውየው የሚታቀፍበትን ጨርቅ፣ ስሊንጉን፣ በብርሃን ፈትሹ፦ ስፌቱ ያልተፈታ፣ ማንጠልጠያዎቹ ያልተቦጫጨቁ፣ የመጠኑ ጽሑፍ የሚነበብ ይሁን። ጽሑፉ የጠፋ ስሊንግ ሥራ ላይ አይውልም። የስሊንጉ መጠንና ዓይነት ለዚያ ሰው በባለሙያ የተለካ ነው፤ የጎረቤት ክፍሉን አትዋሱ። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ቀለም ያለውን ማንጠልጠያ አያይዙ፤ በቀኝ አረንጓዴ በግራ ሰማያዊ ከሆነ ሰውየው ተጋድሞ ይወጣል።

5 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሱና አቁሙ። አራቱንም ማንጠልጠያ በጣታችሁ ንኩ፣ ሰውየውን «ይመችሃል?» በሉት፣ ከዚያ ቀጥሉ። ዊልቸሩ የተቆለፈ ይሁን፤ የሆይስቱ ጎማዎች ግን በብዙ ሞዴሎች ሲነሳ ክፍት ናቸው፣ ምክንያቱም ክብደቱ ሲመጣ ማሽኑ ራሱን መሐል ላይ ማስተካከል አለበት። ተቆልፎ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ጎን ሊገለበጥ ይችላል። አዲስ ሰው በደመ ነፍስ የሚቆልፈው ይህንኑ ነው። ፕላኑ «ሁለት ሠራተኛ» የሚል ከሆነ አንዱ ቀረ ተብሎ ለብቻ አይሠራም።

ቆዳ። ልብስ ስታለብሱና ስታጥቡ የቂጥ አጥንትን፣ ተረከዝንና ክርንን እዩ። የቀላ ቦታ ካገኛችሁ በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደም ይዘዋወራል ማለት ነው፤ ካልነጣ የአልጋ ቁስል ጀምሯል፤ ዛሬውኑ ሪፖርት። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ከአካባቢው የሚሞቅ፣ የሚቀዘቅዝ ወይም የጠነከረ ቦታ በእጅ ፈልጉ። የቀላውን ቦታ አታሹት፤ ማሸት ከስር ያለውን ይጎዳል።

ገላ ስታጥቡ ቀዝቃዛውን አስቀድማችሁ ክፈቱ፣ ሙቁን ጨምሩ፤ ስትዘጉ ሙቁን አስቀድሙ። በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ሞክሩ። እግሩ ስሜት የሌለው ሰው እየተቃጠለ ላይነግራችሁ ይችላል።

ምግብ። እጅግ የምንሳሳተው እዚህ ነው። የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ምግብና መጠጡ በአውስትራሊያ ከ2019 ጀምሮ በሚሠራበት ከ0 እስከ 7 ባለው ኢድሲ በሚባል መለኪያ ይደረደራል። ደረጃ 5 ማለት ለአዋቂ ከ4 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የተፈጨና እርጥብ ነገር ነው። በተራ ሹካ ጥርሶች መሐል ያለው ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ መለኪያው እጃችሁ ላይ ነው። ደረጃ 6 በ1.5 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠና በሹካ ሲጫኑት የሚላሽቅ ነው። ዳቦ የመዋጥና የንግግር ባለሙያው (ስፒች ፓቶሎጂስት) ካልፈቀደ በስተቀር በሁለቱም አይፈቀድም፤ አፍ ውስጥ ተጠፍጥፎ ጉሮሮ ይዘጋል። እንጀራም በዚሁ ሒሳብ ነው። በወጥ ስለራሰ ብቻ ለስላሳ ነው ብላችሁ አትስጡ። ሐበሻ ክላየንት ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ «ትንሽ እንጀራ ምን ትለዋለች» ይላል፤ መልሱ የእናንተ ሳይሆን የስፒች ፓቶሎጂስቱ ነው። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ እዚህ ግን የማንኪያው መጠን ጭምር ተጽፏል።

የመጠጥ ማወፈሪያ ዱቄት በግምት አይደረግም። ሞቅ ያለ ሻይና ቀዝቃዛ ጭማቂ በእኩል ማንኪያ እኩል አይወፍሩም። መፈተሻው መርፌ የሌለበት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው፦ ጫፉን በጣት ይዛችሁ ሙሉ፣ ለ10 ሰከንድ ልቀቁ፣ የቀረውን እዩ። ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ከቀረ ደረጃ 2 ነው፤ ከዚያ በታች ከ1 እስከ 4 ከሆነ ደረጃ 1።

ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላ በኋላም ለ30 ደቂቃ ያህል አይጋደም። እናንተም ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚያጎርስ ሰው በላተኛው ወደ ላይ እንዲያንጋጥጥ ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ የትንፋሽ ቧንቧውን ይከፍተዋል። ሲበላ ካሳለ፣ ዓይኑ ካነባ ወይም ድምፁ ውሃ የሞላው መስሎ ከተንኮረኮረ አቁሙና ሪፖርት አድርጉ። አሳማ መንካት የማትችሉ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ ያለ ውሻ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ቤት ሲመደብላችሁ ተናገሩ፤ ማንም አይቀየምም። ክላየንቱ ጠዋት ቤከን ይዞ ሲጠብቃችሁ መናገር ግን ቁርሱን መንፈግ ነው።

መድኃኒት። በዚያ ድርጅት ካልሠለጠናችሁና ፕላኑ ካልፈቀደ አትንኩ። ብዙ ቤት መድኃኒቱ በቀንና በሰዓት በተከፋፈለ ዌብስተር ፓክ ይመጣል። ስሙን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን አመሳክሩ፤ ሲውጥ አይታችሁ ከዚያ ፈርሙ። ቀድሞ የሚፈርም ሰው አንድ ቀን ክኒኑን ትራስ ስር ያገኘዋል። ፋርማሲስት ሳይፈቅድ አትፍጩ፤ ቀስ በቀስ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ሲፈጭ ሙሉው መጠን በአንድ ጊዜ ይገባል። ከተሳሳታችሁ የመርዝ መረጃ መስመር 13 11 26 ደውሉ፤ ራሱን የሳተ ወይም መተንፈስ የቸገረው ካለ ግን ቀጥታ ወደ አምቡላንስ ቁጥር 000።

5. ሳይጠበቅ ሲመጣ

የሚጥል በሽታ ሲነሳ የመጀመሪያው ሥራችሁ ሰዓት ማየት ነው። ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ የሚመታውን ነገር አርቁ፣ አጥብቃችሁ አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪትም ሽንኩርትም አይሸተትም። ዊልቸር ላይ ከሆነ ፍሬኑን ቆልፋችሁ ቀበቶውን ሳትፈቱ ጭንቅላቱን ደግፉ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ሁለተኛ ከተነሳ፣ ውሃ ውስጥ ከሆነ ወይም ከተጎዳ 000። ፕላኑ ከ5 ደቂቃ ያነሰ ከጻፈ ፕላኑን ተከተሉ።

ሲታነቅ፦ ማሳል ከቻለ እንዲያስል አበረታቱት። ካልቻለ 000 አስደውሉና በእጅ መዳፍ ጠርዝ በትከሻዎቹ መሐል እስከ 5 ጊዜ ምቱ፣ ካልወጣ ደረት ላይ እስከ 5 ጊዜ ግፉ፣ እየለዋወጣችሁ ቀጥሉ። ፊልም ላይ የሚታየው ሆድ አቅፎ መጭመቅ በአውስትራሊያ አይመከርም፤ የውስጥ አካል ስለሚጎዳ።

ብዙ ኮርስ በጥድፊያ የሚያልፈው ሌላ ነገር አለ። የጀርባ አጥንት ጉዳቱ ከደረት ስድስተኛው አጥንት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከያዘው፣ ፊቱ ከቀላና ካላበው የደም ግፊቱ እየተተኮሰ ሊሆን ይችላል። አስቀምጡት፤ አታስተኙት። ቀበቶና ጠባብ ልብስ ፍቱ። የሽንት ቱቦው (ካቴተሩ) ተጣጥፎ ወይም ከረጢቱ ሞልቶ እንደሆነ እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሞላ ፊኛ ነው። ቶሎ ካልተመለሰ 000፣ «አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ» የሚለውን ቃል ጭምር ተናገሩ።

6. የማታደርጉት፣ በቅንነትም ቢሆን

አምስት ገዳቢ ድርጊቶች በሕግ ቁጥጥር ስር ናቸው፦ ለብቻ መቆለፍ፣ በመድኃኒት ማደንዘዝ፣ በመሣሪያ ማሰር፣ በአካል መያዝና አካባቢን መዝጋት። ቃላቱ ከባድ ስለሆኑ «እኔ ይህን አላደርግም» ትላላችሁ። ፍሪጁን መቆለፍ አካባቢን መዝጋት ነው። ቁጣ ሲይዘው የኤሌክትሪክ ዊልቸሩን ማጥፋት እግሩን እንደማሰር ነው። ያልተፈቀደ ሆኖ ከተገኘ ሪፖርት የሚደረግ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ሠራተኛ ሲያደርግ ካያችሁም ዝም ማለት ይሉኝታ አይደለም፣ ጥፋት ነው። የኮሚሽኑ ቁጥር 1800 035 544 ነው።

«ምስኪን» እያላችሁ ራስ አትደባብሱ። ሳትጠየቁ አትጸልዩለት፣ ጸበል አታቅርቡ። ገንዘብ አትበደሩ፣ አታበድሩ። ከእናቱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ተነጋገሩ።

7. ማስታወሻ መጻፍ

እያንዳንዱ ሺፍት በጽሑፍ ይዘጋል። ይህን ተመልከቱ፦ «ዛሬ በጣም አስቸገረች፣ ምሳም እምቢ አለች።» ቀጣዩ ሠራተኛ ከዚህ ምን ይማራል? ይህን ደግሞ፦ «12:10። ምሳ ቀረበላት፣ ደረጃ 6 ዶሮና ድንች። ሁለት ማንኪያ በላች፣ ሳህኑን ገፋች፣ ቀኝ ጉንጯን በእጇ ያዘች። ጥርሷን ያማት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች፣ ይህም አዎ ማለት ነው። 12:25 ለተቆጣጣሪ ደወልኩ። 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ጠጣች።» ሁለተኛው ጥርስ ሐኪም ቤት ያደርሳታል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። በአእምሯችን 3 ሰዓት የምንለው 09:00 ነው፣ የማታው 3 ሰዓት ደግሞ 21:00። በስልክ «በ3 ሰዓት ሰጠኋት» ብላችሁ ለሐበሻ ባልደረባ ያስተላለፋችሁት መድኃኒት 15:00 ላይ የተሰጠ ተደርጎ ይጻፋል። በባለ 24 ሰዓት ብቻ ጻፉ፣ በቃል ስትለዋወጡም በእንግሊዝኛ ቁጥር ተናገሩ። የሰው መውደቅ፣ ጉዳት፣ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ሲኖር ለተቆጣጣሪ ወዲያውኑ፤ የተመዘገበ ድርጅት ከባድ ጉዳዮችን ለኮሚሽኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት፣ ሰዓቱም የሚቆጥረው ድርጅቱ ካወቀ ጀምሮ ነው።

8. የመጀመሪያው ውልና ደመወዝ

ጥሩ ፕሌስመንት ብዙ ጊዜ ወደ ቅጥር ያመራል፤ በመጨረሻው ሳምንት በቀጥታ ጠይቁ። አብዛኛው የሚጀምረው ቋሚ ሰዓት በሌለው ቅጥር፣ በካዥዋል፣ ነው። ክፍያውን የሚገዛው ደንብ ስካድስ አዋርድ ይባላል። ካዥዋል በመሠረታዊው ላይ 25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ቅዳሜ የመሠረታዊው 175፣ እሁድ 225፣ የሕዝብ በዓል 275 በመቶ ይሆናል። ለካዥዋልና ለፓርት ታይም አንድ ሺፍት ቢያንስ 2 ሰዓት ይከፈላል፤ 45 ደቂቃ ሠርታችሁ ለ45 ደቂቃ ብቻ የሚከፍል ካለ ደንቡን ጥሷል። በክላየንቱ ቤት ተኝቶ ማደር (ስሊፕኦቨር) ተከታታይ 8 ሰዓት ነው፤ በሌሊት ተቀስቅሳችሁ ከሠራችሁ ለዚያ ለብቻው ይከፈላል፣ ቢያንስ 1 ሰዓት። ስለዚህ የተነሳችሁበትን ደቂቃ ጻፉ።

«ኤቢኤን (የግል ነጋዴ መለያ ቁጥር) አውጡና በሰዓት ተጨማሪ 8 ዶላር እንከፍላለን» የሚል ቀጣሪ ሲመጣ ሒሳቡን ሥሩ። በኤቢኤን የሚሠራ ሰው የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ የለውም፤ ሱፐር የሚባለውን የጡረታ ቁጠባ፣ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 12 በመቶ የሆነውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሸፍናል፤ ወገቡ ቢጎዳም ኢንሹራንሱ የራሱ ነው። ሺፍቱን፣ ዋጋውንና ዩኒፎርሙን እነሱ እየወሰኑ «ነጋዴ ነህ» ካሏችሁ ሕገወጥ ሊሆን ይችላል። የደመወዝ ወረቀት ከተከፈላችሁ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጣችሁ ይገባል። ካልተሰጣችሁ ወይም ቅዳሜው በተራ ቀን ዋጋ ከተሠራ የሠራተኛ መብት ተቆጣጣሪው የፌር ወርክ ኦምቡድስማን ቁጥር 13 13 94 ነው። በአማርኛ ለመነጋገር መጀመሪያ ወደ አስተርጓሚ አገልግሎቱ 131 450 ደውላችሁ «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚው ሲመጣ የፌር ወርክን ቁጥር ስጡት፣ እሱ ያገናኛችኋል።